ኤግዚቢሽኑ ሳይከፈት የወጣው ምስል

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። «እሜቴ ጭረት» ነው የሚሏት። ከማሽን የወጣ የፕላስቲክ ቀፎ ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። መብራት ሥር ታዘነብለዋለች፣ አውራ ጣቷን በጠርዙ ዙሪያ ታስኬዳለች፣ ከዓይን ያመለጠችውን ጭረት ጣቷ ይይዛታል። የተጫረው ወደ ግራ ሳጥን፣ ደህናው ወደ ቀኝ። ዓመታት እንዲህ ሲሄዱ አመሉ ከሥራ ልብሷ ጋር አልወልቅ አለ። ቲማቲም ስትገዛ አንድ በአንድ እያገላበጠች ሻጯን ታማርራለች። አዲስ ጎረቤት ፈገግ ብሎ ሰላም ካላት፣ ደረጃውን ወጥታ እስክትጨርስ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እያለች ነው።

የምትኖረው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ተማሪ ስለነበረ፣ አሳደገችው ማለት ይቻላል። አሁን ጢሙን የሚላጭ ጎልማሳ ሆኗል፤ ቀን ቀን የስልክ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ይሠራል። ሌላው ሕይወቱ ኢንተርኔት ላይ ነው። እዚያ «ቀዳሚው» ይሉታል። ስለ ጌም መጫወቻዎች ያልተነገረውን ቀድሞ እናገራለሁ ባይ ነው፤ ተከታዮቹም ቀላል አይደሉም።

የዚያ ዓመት ትልቁ የጌም ኤግዚቢሽን እየተቃረበ ሲመጣ ወንድምየው እንቅልፍ አጣ። የትኛው ኩባንያ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ አዲስ ኮንሶል ያመጣል? የትኛውስ ቦርሳ ውስጥ የሚገባውን፣ በእጅ የሚያዘውን? ሰው ሁሉ ይገምታል፣ ይወራረዳል፣ ይሰዳደባል። በዚያው ሰሞን እህቱ ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ትእዛዝ ገባ። የማን እንደሆነ ለሠራተኛው አልተነገረም። ብቻ በሩ ላይ ስልክ መሰብሰብ ተጀመረ፣ መስኮቶቹ በወረቀት ተሸፈኑ፣ የጥበቃ ኃላፊውም ሁሉንም ሰብስቦ «እዚህ ያያችሁት እዚሁ ይቅር» አላቸው።

እሷ ለዚህ ነገር የተፈጠረች ናት። ከማሽኑ የሚወጣው ቀፎ ምን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ገብቷታል። ግራና ቀኝ አውራ ጣት የሚያርፍበት ክብ ቀዳዳ አለው፣ መሃሉ ለስክሪን የተተወ ነው። ግን ትንፍሽ አላለችም። ወንድሟ ማታ እራት ላይ ይጀምራል።

«እትዬ፣ ዛሬስ ምን ሠራችሁ?»

«ፕላስቲክ።»

«ምን ዓይነት ፕላስቲክ?»

«የሚሰበር ዓይነት። ብላ አሁን።»

ይስቃል፣ ይተወዋል። ቶሎ መተዉ ግን አላማራትም። ይህ ልጅ አንድ ነገር ከፈለገ ሱሪ ይዞ የሚጎትት ነበር፤ አሁን ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ጨዋ የሆነው? ደግሞ ቤቱ ውስጥ የካርቶን ቁራጭ በዛ። አንዱ ብርጭቆ ሥር ተነጥፏል፣ አንዱ ከሚወዛወዘው የጠረጴዛ እግር ሥር ገብቷል፣ ሌላው ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቆሻሻ?» ስትለው «ከሱቅ ያመጣሁት ማሸጊያ ነው፣ እጥለዋለሁ» ይላል። አይጥልም። እየለቀመች የምትጥለው እሷ ናት፤ እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያያታል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ምስሉ ወጣ።

ቀዳሚው «ከውስጥ ምንጭ የተገኘ» ብሎ የለቀቀው ምስል ላይ በእጅ የሚያዝ ጥቁር መጫወቻ ይታያል። ጎኑ ጎበጥ ያለ፣ ከጀርባው ጣት የሚያርፍበት ጎድጓዳ ያለው። ከቀትር በፊት ዓለሙ ሁሉ ተቀባበለው። እሷ ወሬውን የሰማችው ፋብሪካ ውስጥ ነው። የጥበቃ ኃላፊው ፊቱ በርበሬ መስሎ ገባና ማሽኖቹ እንዲቆሙ አዘዘ። ሠራተኛው ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ፣ ኪስ ተፈተሸ፣ ቁም ሳጥን ተበረበረ። በዚህ መሃል ማሸጊያ ክፍል ከምትሠራው ከቅርብ ጓደኛዋ ቦርሳ ስልክ ወጣ።

«እናቴ ሆስፒታል ናት፤ ቢደውሉልኝ ብዬ ነው በሩ ላይ ያላስረከብኩት!» ብላ ጮኸች አሻጊዋ። ማን ሰምቷት። ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግደሻል ተባለችና የሥራ ልብሷን አውልቃ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ጓደኛዋን አየቻት። እሜቴ ጭረት ዓይኗን ሰበረች። ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት እሷም ጠርጥራታለች። ለካ ሰሞኑን ወደ መጸዳጃ ቤት ትመላለስ የነበረው...

ጥርጣሬው ግን አሻጊዋ ላይ ረግቶ አልተቀመጠም። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስትመለስ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ስልኩ ላይ ያንኑ ምስል እያየ ነበር። ሰርቃ አየችው። ቅርጹ ቁርጥ ራሱ ነው። ቀለሙ ግን ጥቁር ነው፤ እነሱ የሚሠሩት ደግሞ ነጭ። አሻጊዋ ፎቶ አንስታ ቢሆን ኖሮ ነጩ አይወጣም ነበር? ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ከሥሩ «ቀዳሚው» ተብሎ ተጽፏል፤ ምስሉን የለቀቀው እኮ የገዛ ወንድሟ ነው። «የውስጥ ምንጭ» የሚለው ማንን ነው?

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ከሱቅ አልተመለሰም። ክፍሉ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም። ፍራሹን አነሳች፣ የሸሚዞቹን ኪስ ዳበሰች፤ ምን እንደምትፈልግ እንኳ በቅጡ አታውቅም። አልጋው ሥር ጎንበስ ስትል የካርቶን ቁራጮቹን አገኘቻቸው። ዝም ብሎ ቁርጥራጭ አልነበሩም። ሁሉም በመቀስ ተስተካክለው የተቆረጡ ናቸው፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጎበጥ ይላል። አንዱን አነሳችው። ሳታስበው ግራ እጇ ያዘው፣ አውራ ጣቷ በጠርዙ ዞረ፣ ሌባ ጣቷ ከኋላ ሄዶ ጎድጓዳው መሆን በሚገባው ቦታ ላይ አረፈ።

«እሱ ነው ትክክለኛው» አላት ወንድሟ። በሩ ላይ ቆሟል።

ካርቶኑ ከእጇ ወደቀ። «ምን አደረግክ አንተ?»

«ምንም አልሰረቅኩም። አንቺም ምንም አልነገርሽኝም።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

ደፉ ላይ ተቀመጠና ወለሉን እያየ ነገራት። በየመጠኑ እየቆረጠ ቤቱ ውስጥ ይበትነው ነበር። ሌላውን ሁሉ እንደ ቆሻሻ አንስታ ትጥላለች። እጇ ከፋብሪካው የለመደው መጠን ሲሆን ግን፣ ሬዲዮ እየሰማችም ቢሆን፣ መብራት ላይ አዘንብላ በጣቷ ታስሰዋለች፤ የት የት ላይ እንደምትቆም እያየ ምልክት አደረገ። ቀዳዳው የት እንደሆነ፣ ጎኑ የት ላይ እንደሚጎብጥ። ከዚያ በኮምፒውተር ሳለው። «ፎቶ አይደለም፣ ሥዕል ነው። ጥቁር ያደረግኩት ቀለሙን ስላላወቅኩ ነው።»

የወደቀውን ካርቶን አነሳች። ሌባ ብታገኝ ኖሮ ትጮህ ነበር። «በገዛ ቤቴ ሰለልከኝ» አለችው። «እያጎረስኩህ እጄን ትሰልላለህ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ሰው ከሥራ ታግዷል! እናቷ ሆስፒታል የተኛች ሰው! አሁኑኑ ሥዕል ነው ብለህ ተናገር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «የውስጥ ምንጭ ብያለሁ እኮ። ሥዕል ነው ካልኩ ማን ያምነኛል ከእንግዲህ?»

«እኔም አላምንህም። ስለዚህ እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። ካሜራው ፊት ሲቀመጥ ከጀርባው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አሳየ፣ ሥዕሉን እንዴት እንደሠራው አሳየ፣ «የውስጥ ምንጭ አልነበረኝም፣ ዋሽቼአለሁ» አለ። የእህቱን እጅ ግን አልጠቀሰም፤ «ገምቼ ነው» ብሎ አለፈው። ለቅቄዋለሁ ቢላትም አላመነችውም፤ በራሷ ስልክ ከፍታ እስክታየው ድረስ አልተነሳችም።

በነጋታው ካርቶኑን በፌስታል ይዛ የጥበቃ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ወንድሟ ሳይናገር ያለፈውንም ጨምራ ሁሉንም ነገረችው። ሰውየው አገጩን እያሻሸ ሰማት።

«እና እጅዎ ነው ምስጢር ያወጣው እያሉኝ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ወንድምዎን ለማዳን የፈጠሩት ተረት እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ትጠይቅ ነበር። ሰውየው ካርቶኑን ከፌስታሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሊወድቅ ሲል ቀለበችው። ጣቷ ዞረ። ቆም አለ። እንደገና ዞረ። ሰውየው ከመሳቢያው እውነተኛውን ነጭ ቀፎ አወጣና አጠገቡ አስቀመጠው፤ ሁለቱን ሲያስተያይ ቆየና «ይሂዱ በቃ» አላት።

አሻጊዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሜቴ ጭረት ግን ከፍተሻ ጠረጴዛዋ ተነስታ የባልዲ ክዳን ወደሚመረትበት ክፍል ተዛወረች። ቅጣት ነው አልተባለም፤ ለጥንቃቄ ነው ተባለ። የባልዲ ክዳን ደግሞ ምስጢር የለውም። ከሁሉ የከበዳት ይህ አልነበረም። በምሳ ሰዓት ትሪዋን ይዛ አሻጊዋ ፊት ስትቀመጥ ጓደኛዋ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«አንቺም ጠርጥረሽኝ ነበር አይደል?»

ልትዋሽ አሰበች። «አዎ» አለች።

አሻጊዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በሩ ላይ ዓይንሽን ስትሰብሪ አውቄዋለሁ። የፈተሹኝ ሰዎች አላናደዱኝም፣ ሥራቸው ነው። አንቺ ነሽ ያናደድሽኝ።» ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንኳ የተነፋፈጉበት ጊዜ ነበር። የአሻጊዋ እናት ከሆስፒታል ስትወጣ ግን እሜቴ ጭረት ሳትጠራ ሄዳ ልብስ አጠበችላቸው፣ ቤት ጠረገች፣ ብዙም ሳትናገር ተመለሰች። በሦስተኛው ጉብኝት አሻጊዋ ራሷ ወንበር አቀረበችላት።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ሦስቱም ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰቡ። ከወንድምየው ተከታዮች ብዙዎቹ ሰድበውት ሄደዋል፤ የቀሩት ግን ከቀድሞው ይልቅ ይወዱታል። መድረኩ ላይ የወጣው ሰውዬ ጨርቁን ገፈፈና ነጩን መጫወቻ አነሳ። «እስከዛሬ ይህን ያየ አንድም ሰው የለም!» አለ። አሻጊዋ ሳቋ ትን ብሏት ጀርባዋን መምታት አስፈለገ።

ወንድምየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ነበር። «ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሚታጠፍ ሊያመጡ ነው ይባላል» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ።

ሁለቱ ሴቶች እኩል ዘወር ብለው አዩት።

«ለስላሳ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ተነሳ። እህቱም በመስኮት ሆና እውነት ወደ ሱቁ መታጠፉን አየች፤ ከዚያ መጥታ ጓደኛዋ አጠገብ ተቀመጠች።