የፋቂው ልጅ ከበሮ በሲልቨር ስፕሪንግ

ከበሮ ሠሪው ያለው መጀመሪያ እጁን ያረጥባል። ከዚያ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ የሰነበተውን ቆዳ ከባልዲው ያወጣና በከበሮው ሰፊ አፍ ላይ ያለብሰዋል። በአውራ ጣቱ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋ ያስተካክለዋል። ዳሩን በወስፌ ይበሳል፤ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ሁለት ጣት ይተዋል። ጠፍሩን በአንዱ ቀዳዳ አስገብቶ በጠባቡ አፍ በኩል ካለው ቀዳዳ ጋር ያያይዛል። ቀጥሎ የሚወጥረው ጎኑ ያለውን ሳይሆን ማዶ ለማዶ ያለውን ነው። «የመኪና ጎማ እንደማሰር ነው፤ ጎን ለጎን ከሄድክ ይጣመማል» ይላል። ጉልበቱን የከበሮው የእንጨት ቀፎ ላይ ተክሎ ይስባል፣ ያስራል፣ ደግሞ ይስባል። መጨረሻ ላይ ዙሪያውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። እርጥብ ቆዳ ገና አይጮህም፤ እሱ የሚፈልገው ግን ውጥረቱ እኩል መሆኑን ማወቅ ነው።

ይህን የሚሠራው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ በአፓርትመንቱ በረንዳ ላይ ነው። እንጀራው ሆቴል ነው፤ የተደፈነ ቧንቧ ይከፍታል፣ የሚያንጠባጥብ ኤሲ ይጠግናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዲቪ ደርሶት ከባለቤቱ ከስሂን ጋር መጣ። እጁ ከበሮ እንደሚያውቅ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ከስሂን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ምክንያቱ አጭር ነው፤ አባቱ ቆዳ ፋቂ ናቸው። ቢቸና አካባቢ፣ እሳቸው ቆዳ ያለበሱት ከበሮ በሦስት ደብር ይመታል። ድግስ ላይ ግን ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት። ያለው ልጅ ሆኖ በደጅ ሲያልፍ፣ ዓይኑን የፈሩ ጎረቤቶች ምግባቸውን ይሸፍኑ ነበር። አሜሪካ ከገባ በኋላ አባትህ ምን ይሠራሉ ሲሉት «ገበሬ» ማለት ለመደ።

በጃንዋሪ 2009 ነገሩ ተበላሸ። ቤተ ክርስቲያናቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስቶችን ምድር ቤት ተከራይተው ነበር የሚቀድሱት። የነበራቸው ከበሮ አንድ ብቻ ነው። ከገና በኋላ በነበረው እሑድ ድምፁ ላላ ሲል ዲያቆኑ ማሞቂያው ላይ አስደገፈው። አገር ቤት ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው የለመደው፤ በዚያ ብርድ ፀሐይ ከየት ይምጣ? ማሞቂያው ቆዳውን አኮማትሮ ከዳር እስከ መሃል ቀደደው። ለጥምቀት ስምንት ቀን ቀርቷል።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ጋሽ ኪዳኔ ያልደወሉበት ደብር የለም። ለጥምቀት ከበሮውን የሚያውስ ሰው አላገኙም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገደኛ ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ በሲዲ እንዘምራለን ተባለ፤ የተቀደደው ከበሮ በር ሥር፣ ከሚጣሉ ካርቶኖች ጋር ተቀመጠ።

ያለው ወለሉን ሲጠርግ ሚስ ኧርነስቲን ከፎቅ ወረዱ። የባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን አዛውንት ናቸው፣ ሰማንያ ያለፋቸው። ከበሮውን አዩትና የማን እንደሆነ ጠየቁ። ያለው ነገራቸው።

«የእኔን ቅድመ አያቶች በባርነት ሳሉ ከበሮ በሕግ ነው የከለከሏቸው» አሉት። «እናንተ ውቅያኖስ አሻግራችሁ ካመጣችሁት በኋላ ከቆሻሻ ጋር ታስቀምጡታላችሁ?»

ከዚያ መጥረጊያውን ከእጁ ተቀበሉ። በእንጨቱ ጫፍ ወለሉን መታ መታ እያደረጉ፣ እግራቸውን ሳያነሱ እያንሸራተቱ፣ ዙሪያውን መዞር ጀመሩ። ከበሮ ሲከለከሉ የሴት አያታቸው እናት እግዚአብሔርን በዚህ ነበር የሚያመሰግኑት። ያለው እንጨቱን ሲያይ መቋሚያ ታየው። ካህናቱም ሲያሸበሽቡ እንዲሁ ነው የሚመቱት።

ሲጨርሱ ከእናንተ የሚጠግነው ሰው የለም ወይ አሉት። የለም አላቸው።

ያ «የለም» መኪና ውስጥ አብሮት ገባ። ወደ ቤቱ ሲነዳ ዊልሰን ድልድይን ተሻግሮ፣ ቨርጂኒያን ከረገጠ በኋላ በመጀመሪያው መውጫ ወጥቶ ተመለሰ። ጉባኤው ገና ዳቦ እየቆረሰ ነበር። ከበሮውን እኔ እሠራዋለሁ አላቸው።

«የት ተምረህ?» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

«ከአባቴ ነው ጋሼ። ገበሬ ናቸው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። አባቴ ፋቂ ናቸው።»

አንዱ ሰው የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ቀድማ የተናገረችው አፀደ ናት፤ ከበሮውን የምትመታው እሷ ነበረች።

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን የላላ ነገር ስደበድብ እያየህ ዝም አልከኝ? ክንዴ እኮ ወለቀ። ክፉ ሰው ነህ።»

የሳቀ ሳቀ። ጋሽ ኪዳኔ ግን አልሳቁም፤ «እሑድ አየዋለሁ» ብቻ አሉ።

ምእመናኑ ለገና በሬ የሚያርዱበት እርሻ ቨርጂኒያ ውስጥ አለ። ገበሬው ቆዳዎቹን ጨው ነስንሶ ከምሯቸው ነበር። ያለው እያገላበጠ ቢላ ያልነካውን መረጠ። ቤት ወስዶ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ዘፈዘፈውና ስሂን ስንት ቀን ሳንታጠብ ልንከርም ነው ብላ ተቆጣች። ቆዳውን ስንት ቀን እንደሚያቆየው ስለጠፋበት ቢቸና ደወለ። አባቱ መጀመሪያ በሬ ነው ላም አሉ። ከዚያ ሳቁ።

«ሸሽተህ ሸሽተህ ቆዳው ዘንድ ደረስክ በለኛ!»

ሁለት ቀን ዘፍዝፈው፣ ካለበስከው በኋላ በጥላ አድርቀው፣ እሳት አታሳየው አሉት። ስለዚህ ያለበሰውን ከበሮ መኝታ ቤት አኖረውና የክፍሉ ማሞቂያ ሦስት ቀን ጠፋ። ስሂን ካፖርትና ኮፍያ አድርጋ ተኛች፤ ለእኔ እንዲህ አስበህ ታውቃለህ ወይ እያለች።

እሑድ ጋሽ ኪዳኔ ከበሮውን አገላበጡት። ጠፍሩን በጥፍራቸው ሳቡ፣ ሰፊውን አፍ መቱ፣ ጠባቡን መቱ። ከዚያ የአባቱን ስም ጠየቁት። በማግስቱ፣ ጥምቀት ዕለት፣ መኪና ማቆሚያው ላይ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆመው፦

«ይህን ከበሮ ያለበሰው ያለው ነው፤ የቆዳ ባለሙያው የአቶ ወንድይራድ ልጅ» አሉና ለአፀደ ሰጧት።

ቀኑ የማርቲን ሉተር ኪንግም በዓል ስለነበር እነ ሚስ ኧርነስቲን ከፎቅ ወርደው ነበር። አንድ ቄስ መቋሚያቸውን ለአሮጊቷ ሰጡ፤ አሮጊቷም አስፋልቱን እየመቱ ከመዘምራኑ ጋር ዞሩ።

ሁሉም ሰው አልወደደውም። ሁለት ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ያለው ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ይርቃሉ። እሱም አይጠራቸውም። ከዚያ ወዲህ እስከ 2016 ሃያ ስድስት ከበሮ ሠርቷል። አንዱ ፎቅ ላይ፣ የሚስ ኧርነስቲን መዘምራን ዘንድ ነው። በሁሉም ቀፎ ላይ፣ ማንም በሚያየው ቦታ፣ «ወንድይራድና ልጁ» የሚል ጽሑፍ አለ።

አንድ የጎደለው ነገር አለ። ቀፎው የሚመጣው ከአገር ቤት ነው፤ እዚህ ክረምት ሲገባ ይሰነጠቃል። እዚሁ፣ ከዚህ አገር እንጨት መሥራት ይፈልጋል፤ ግን መቦርቦር አያውቅም። ስለዚህ ይህን የምታነቡትን እንዲህ ይላል፦

«ከእናንተ መሃል አባቱ እንጨት ይቦረቡሩ የነበሩ፣ እሱም መሮ መያዝ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። እኔን ያስዋሸኝ ነገር እሱንም አስዋሽቶት ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ነኝ። እባካችሁ ይምጣልኝ፤ የእሱንም አባት ስም አብረን እንጽፋለን።»