ቋንቋውን ያላወቅነው ፊልም

ቤቴል ሰፈር አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉሬን እየተሠራሁ ቴሌቪዥኑ ላይ በዮሩባ ቋንቋ የተሠራ የናይጄሪያ ፊልም ተከፈተ። ከበሮው ሲመታ ልቤ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ወዳደግኩበት ቤት ሄደ።

አባቴ በሞተ ዓመት ድንገት እየወደቅኩ መንፈራገጥ ጀመርኩ። አንድ እሁድ እናቴና የአባቴ እህት እትዬ ዘነበች እንዲህ ያለ ፊልም ያያሉ። እኔ ሳሙና ሳሙና የሚል የእናቴ ቀሚስ ላይ ተኝቻለሁ። ፊልሙ ላይ አንዲት እናት የታመመ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ነጭ የተቀባ መንፈስ ከወንዝ ወጣ።

"አየሽ? ጣጣውን ያመጣችው እናትየዋ ናት" አሉ እትዬ። "ይቺንም ልጅ መንፈስ ነው የያዛት፤ አዋቂ ቤት እንውሰዳት።"

እናቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። "እትዬ፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ ጥፋተኛዋን በምን ለዩ? ልጄን ነገ ሐኪም ያያታል።"

ሐኪሙ ከመንፈሱ ጋር የሚታገል መስሎኝ ፈራሁ። በማግስቱ ግን የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ኪኒን ብቻ አዘዘልኝ። እትዬ አኮረፉ። እናቴም እሳቸው በመጡ ቁጥር ኪኒኑን እጃቸው ላይ አድርጋ "እርስዎ ይስጧት" ትላቸዋለች። እያጉረመረሙ ይሰጡኛል። መውደቄ እየቀረ ሲሄድ፣ አንድ ቀን ገና በሩን ሳያልፉ "ኪኒኗን ዋጠች?" ብለው ጮኹ።

"ምን አሳቀሽ?" አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ።