ከጉም የወጡ በሬዎች

አራጌ በመካነ ሰላም ለዘጠኝ ዓመት የእርሻ ቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር ማሳ የረገጠባቸው ቀናት በጣት ይቆጠሩ ነበር። ሥራው ወረቀት ነበር። በረሃቡ ወቅት ለበላዮቹ የላከው ሪፖርት «መጠነኛ የዝናብ እጥረት ታይቷል» ይላል። ያንን ሲጽፍ ከመስኮቱ ሥር ሰዎች ተኝተው ነበር፤ አንዳንዶቹ አልተነሡም። ከዚያ ወዲህ በቀን ብርሃን እንደሚያልም ሰው ሆነ፤ የሚያናግረውን ሰው ሁለት ጊዜ ያስደግማል።

አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ፣ የካቲት ላይ፣ ሠራተኛው ወደ ገበሬው ይውረድ የሚል ትእዛዝ መጣ። አራጌ ግን ወጣ፤ ገበሬው ያለው ከላይ፣ ብርዱ ውስጥ ነው።

ለበልግ የሚሆን የገብስ ዘር መጋዘን ገብቷል። ደንቡ ዘር የሚሰጠው ጥንድ በሬ ላለው ብቻ ነው ይላል፤ በሬ የሌለው ይበላዋል ተብሎ ተፈርቷል። የአራጌ ሥራ በሬዎቹን በዓይኑ አይቶ መመዝገብ ነበር።

በለጋምቦ በኩል ካለች አንዲት መንደር ማለዳ ደረሰ። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። መዝገቡን በተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ዘረጋ።

የመጀመሪያው ገበሬ በሬዎቹን እየነዳ ከጉሙ ወጣ፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። አራጌ ጻፈ። በሬዎቹ ተመልሰው ጉሙ ውስጥ ሰመጡ። ሁለተኛው ገበሬ መጣ፤ አሁንም አንድ ጥቁር፣ አንድ ግንባሩ ነጭ። በአራተኛው ላይ የጥቁሩ በሬ ግራ ቀንድ ከጫፉ የተሰበረ መሆኑን አስተዋለ። በአምስተኛውም ተሰብሯል። ቢሆንም መጻፉን አላቆመም። ኮቴያቸው እርጥቡ ሣር ላይ አይሰማም፤ ይመጣሉ፣ ቀስ ብለው ያዩታል፣ ይሄዳሉ። በድርቁ ያለቁት የአገሩ ከብቶች ሁሉ እየተመለሱ በፊቱ የሚያልፉ መሰለው። እንዲያበቃ አልፈለገም።

ሃያ ሁለት ጥንድ ከመዘገበ በኋላ ፈዲላ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ወጣት፣ ባዶ እጇን መጣች።

«በሬዎችሽስ?»

«ደከማቸው ጌታው። ከንጋት ጀምረው ሲመዘገቡ አርፍደው ሜዳው ላይ ተኙ። ብንጎትታቸውም እምቢ አሉ።»

ከጉሙ ውስጥ ሳቅ አመለጠ፤ ወዲያው ጸጥ አለ። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ሷሊህ ወደ ፊት መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ አጠፋሽን!» አሉና ወደ አራጌ ዞሩ። «እንግዲህ ወላሂ፣ የቀሩን እኒያ ሁለቱ ናቸው፤ ለመላው መንደር።»

«ታዲያ በምን ልታርሱ ነው?»

«ቀን ተከፋፍለናቸዋል። ያልደረሰው በዶማ ይቆፍራል። እንበላዋለን ብላችሁ ፈርታችኋል አሉ። ብንበላው ለሳምንት ነው፤ ብንዘራው ለዓመት። ይህን ለመቁጠር በሬ ያስፈልጋል?»

አራጌ የሞላውን ገጽ ቀደደው። ሌላ የውሸት ወረቀት ይዞ ወደ ከተማ መውረድ አልቻለም። በአዲስ ገጽ ላይ፣ እየጠየቀና ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ፦ ቤተሰብ ሃያ ሦስት፣ በሬ ሁለት፣ በዶማ የሚቆፍር ሰው አርባ አንድ። ይህ ወረቀት ዘሩን ሊያሳጣቸው እንደሚችል ሁሉም ገብቷቸዋል።

መካነ ሰላም ሲመለስ የቢሮው ኃላፊ አሻግሬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ምን ነካህ? ሃያ ሦስት ጥንድ ብለህ ብትመጣ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርም ነበር።»

«እንደዚያ ብጽፍ ደንቡ ልክ ነው ማለት ይሆናል። የሚቀጥለው መንደርም በሬ ሲዋዋስ ይኖራል።»

«ደንብ የሚቀይሩት የበላዮቻችን ናቸው።»

«እነሱ እስኪመልሱ በልጉ ያልፋል።»

አሻግሬ በመስኮቱ ወደ ደመናው ተመለከተ።

«ዘሩን ቢበሉትስ?»

«እኔ ልታሰር።»

«ይህንኑ ጻፍና ፈርም።»

አራጌ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ ጻፈና ፈረመ። አሻግሬ ከዘር መስጫው ቅጽ ላይ «ጥንድ በሬ ያለው» የሚለውን ሰርዞ «ማሳውን አለስልሶ የተገኘ» ሲል ተካው። ትንሽ አሰበና ከጎኑ «ለጊዜው» ብሎ ጨመረ።

ዘሩ በአጋሰስ ተጭኖ መንደሯ ሲደርስ የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። አራጌ በበቅሎ ሆኖ ከጉሙ ሲወጣ ዳገቱ በሙሉ ጠቁሮ አገኘው። ዘር ይምጣ አይምጣ ሳያውቁ ቆፍረውት ነበር። በዓይኑ ያየውን ሊመዘግብ ከበቅሎው ወርዶ ማሳው ዳር ቆመ፤ ነገር ግን መጻፉን ረስቶ አፈሩን ያይ ጀመር። ፈዲላ ገብሱን በእፍኝ እየበተነች አጠገቡ ደረሰች።

«ጌታው፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለችው፤ «የቆሙበት ላይ ልዘራ ነው።»

ፈቀቅ አለላት።