ዲቦራ ባዶ መጋዘን አትለካም

ዲቦራ ሕዝቅያስን የማውቃት አንድ ክፍል ኤሌክትሮኒክስ ከተማርንበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ የምቀናባትም ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ነው። ይህን ስጽፍ አላፍርም፣ ማፈሪያው በኋላ ይመጣል። አባቷ በአማን ከተማ ገበያ ዳር ሬዲዮ ይጠግኑ ነበርና እሷ ፊደል ሳትቆጥር ብየዳ ለመደች። እኔ ታፈሰ በሃያ ዓመቴ ጣቴን እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። መምህሩ የእኔን ሥራ አይቶ "ጎበዝ" ይለኝና የእሷን ለራሱ ሊያስቀረው ይፈልጋል።

ተመርቀን ሱቅ ከፈትን፤ እኔ በሚዛን ከተማ፣ እሷ በቴፒ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል፣ እኔም ዋጋ እነግረዋለሁ። እሷ ግን ቀድማ "ስንት ዓመት እንዲያገለግልህ ትፈልጋለህ?" ትላለች። የጠገነችው ዕቃ አይበላሽም፤ ስለዚህ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣባትም። እንደ እኔ ሒሳብ መራብ ነበረባት። እሷ ግን ቤት ሠራች።

ከአራት ዓመት በፊት የአካባቢው ቡና አምራቾች ማኅበራት ለአሥራ አራት መጋዘኖቻቸው መሣሪያ ፈለጉ፤ ቡናው እርጥበት ሲይዝ ለመጋዘኑ ኃላፊ ስልክ መልእክት የሚልክ። የተወዳደርነው ሁለታችን ብቻ ነን። ዲቦራ በየመጋዘኑ ደጅ ረጅም ምሰሶ ልትተክል አሰበች። ሲም ካርድ ያለው አንድ ሳጥን ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ ጆንያ መሃል የሚቀመጡት ትንንሽ መለኪያዎች በሬዲዮ ለሳጥኑ ይነግራሉ፣ እሱ ደግሞ ለስልክ። ውድ ነው፣ ሦስት ወርም ይፈጃል። የእኔ ቀላል ነበር፦ በእያንዳንዱ መለኪያ ውስጥ የራሱ ሲም ካርድ። ምሰሶ የለ፣ ሳጥን የለ፤ በግማሽ ዋጋ፣ በሁለት ሳምንት። ኔትወርኩንም በሐምሌ በሞተር ዞሬ ለክቻለሁ። በየመጋዘኑ መሃል ቆሜ ስልኬን ከፍ ሳደርግ ሙሉ ነበር።

በስብሰባው ዕለት አዳራሹ ደጅ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

"ታፌ፣ በሐምሌ ነው የለካኸው አሉ። ያኔ መጋዘኑ ባዶ ነው እኮ! ኅዳር ላይ ጆንያው እስከ ጣሪያ ሲደረደር መለኪያህ እዚያ ውስጥ ታፍኖ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። የእኔ መለኪያ ግን እስከ ደጁ ምሰሶ ብቻ ነው የሚያሰማው። ከፈለግህ የምሰሶውን ሐሳብ ውሰድና በራስህ ስም አቅርበው። እኔ ማሻ ከተማ ሌላ ሥራ አለኝ።"

እውነቷን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ግን "በራስህ ስም" ያለችው ነገር ምጽዋት መሰለኝ።

"ያንቺን ለራስሽ ያዢው" ብያት ገባሁ። በዋጋ አሸነፍኳት፤ ያን ቀን ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም።

አምስት ዓመት ይቆያል ያልኩት ባትሪ በአራተኛው ወር ማለቅ ጀመረ። አንድ ባትሪ ለመቀየር መቶ ጆንያ ይነሳል፣ ለጫኝ ይከፈላል፣ ጆንያው ተመልሶ ይደረደራል። አንዱን መጋዘን ስጨርስ ሌላው ይጠፋል። ሥራ ፈቶ የከረመው ሲም ካርድ ደግሞ ይዘጋል። ማኅበራቱ በግማሽ ዋጋ ያተረፉት በሁለተኛው ዓመት አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ከኪሴም ከዕድሜዬም ነው የከፈልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ማሚት "ለሞተሩ ነው ለእኔ የተዳርከው?" እስክትለኝ ድረስ በጭቃው መንገድ ስመላለስ ኖርኩ። በቴፒ ሳልፍ ዲቦራ ሱቋ በር ላይ ልጇን ታቅፋ ትታየኛለች። ማሻ የተከለቻቸውን ምሰሶዎች በዓመት አንዴ አይታ ትመለሳለች አሉ። ጭቃዬን እንዳታይ ሞተሬን አፈጥናለሁ።

ባለፈው ጥር የመጥፋት ተራው ሸኮ ያለው መጋዘን ሆነ። ኃላፊዋ እትዬ አማረች ድሮ በየጠዋቱ እጃቸውን ጆንያ ውስጥ እየከተቱ፣ ፍሬውን በጥርሳቸው እየሰበሩ ነበር ድርቀቱን የሚያውቁት። "ይህን ልማድ ይተዉት፤ ስልክዎ ዝም ካለ ቡናው ደህና ነው" ብዬ ስቄባቸው ነበር። መሣሪያው ሞቶ ዝም አለ። እሳቸውም ደህና ነው ብለው ተቀመጡ። ያለወቅቱ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር በሩ ሲከፈት የሻጋታው ሽታ እስከ መንገድ ወጣ። የመቶ ሃያ አባወራ ቡና ነበር።

በማኅበሩ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ይርዳው ዲቦራን ባለሙያ ናት ብለው ጥፋቱን እንድታስረዳ ጠርተዋት ነበር። ሥራ የማጣበት ቀን ደረሰ አልኩ። እሷ ግን ተነሥታ "ታፈሰ ላይ አትፍረዱ። የጫካ ኔትወርክ ማንንም ይከዳል፤ እኔም ብሆን ልሳሳት እችል ነበር" አለች።

ሰዉ እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ አማረች ቡናቸው ተበላሽቶ እያለ ወደ እኔ ዞረው "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። ዝም ብል ስሜም ሥራዬም ይተርፉልኝ ነበር። ግን ስታድነኝ እንኳ ትበልጠኛለች! በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያች ደቂቃ ቀንቼ አላውቅም። የተነሣሁት ለእውነት ብዬ ነው ብል ውሸት ነው፤ የእሷ ውለታ እንዳይኖርብኝ ነው።

"ዋሽታችኋለች" አልኩ። "እሷ አትሳሳትም ነበር። ባዶ መጋዘን ነው የለካኸው ብላ ነግራኛለች። ምሰሶዋንም በስምህ አቅርበው ብላ ሰጥታኝ ነበር።"

ዲቦራ አንገቷን ደፋች። እትዬ አማረች ግን እያዩኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን እምቢ አልክ?"

"የእሷ ስለሆነ" አልኩ።

"ቡናው እኮ የእኛ ነበር" አሉኝ።