ዘውድ ያስደፋሁት የእድር ሰብሳቢ

ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ በነበረን ጊዜ፣ ዳቦ ከእኛ የምትገዛ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ አሮጌ መጽሐፍ ሰጠችኝ። በባዶ ካርቶን ላይ የደንበኛ ፊት ስሞነጫጭር አይታኝ ኖሯል። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በአውሮፓ ጋዜጦች የወጡ የፌዝ ሥዕሎች ነበሩ፤ ሁሉም ዙፋናቸው የተነቃነቀባቸው ነገሥታት ናቸው። አንዱ ሱሪው እየወለቀ ንግግር ያደርጋል። ሌላው የምትሰጥም ጀልባ ላይ ተቀምጦ በዘውዱ ውኃ እየጨለፈ ያፈሳል።

"ጎጎ፣ ይሄን የሳሉት አልታሰሩም?" አልኳት፤ እዚያ አሮጊት ሴትን ጎጎ፣ አያቴ፣ ነው የሚሉት።

"አንዳንዶቹ ታስረዋል" አለችኝ። "ንጉሡ ወታደር ነበረው።"

ይቺን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከተማው ተዘጋ። ወንድሜ ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን ሞተ። የእኛ እድር ሬሳ አገር ቤት ይልካል እንጂ እዚህ አይቀብርም፤ እድር የገባነውም ለዚሁ ነው። ዳቬይተን የሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው ሰብሳቢያችንም እንደ ለመደው እናቴ ጋ ደውሎ፣ "እናታችን፣ ልጅዎን እልክልዎታለሁ" አላት። አውሮፕላን እንደቆመ እያወቀ። ሌላ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሬሳ ቤቱ ሞልቷል ተባለና ሰብሳቢው ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ ጌታ ያጽናህ፤ እዚሁ እንቅበረው።" ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ።

"ታዲያ ምን ላይ ላልቅስ?" አለችኝ።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። መጽሐፉን ገልጬ ያችን ጀልባ ቀዳኋት፣ ሰብሳቢውን ከነትልቅ ጆሮው አስቀመጥኩባት፣ ዘውድ አስደፋሁት፤ ከኋላው የሬሳ ሣጥን ጫንኩ፣ ከአፉም "እልካለሁ!" የሚል ቃል አወጣሁ። በእድሩ ዋትሳፕ ላይ ለቀቅሁት። ሱቁ ውስጥ ተቆልፎ ሞት የሚጠብቅ ሰው ሳቅ ርቦት ነበርና፣ ሥዕሉ ሳይመሽ ከከተማው ማዶ ቮስሎሩስ ያሉ ልጆች ዘንድ ደረሰ። ሰብሳቢውን "ግርማዊነትዎ" ይሉት ጀመር። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

በቀብሩ ቀን ከእድሩ ሰው የመጣ የለም፤ ሁሉም ፈራ። ሰብሳቢው ብቻ መጣ። ነጭ ፕላስቲክ የለበሱት ሠራተኞች ሲደክሙ አካፋውን ተቀብሎ አፈር መለሰ። ሲጨርስ መቃብሩን በስልኩ አንስቶ ለእናቴ ላከላት። አላመሰገንኩትም፤ ቀና ብዬም አላየሁት። ልንለያይ ስንል ጭምብሉን እያስተካከለ፣ "ጆሮዬን አጋነንከው እንጂ፣ ጀልባዋስ ልክ ናት" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ሰው እንደቀበረ እሱ ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ ራሱ ታመመና ሞተ፤ እሱም እዚሁ ተቀበረ። ሚስቱ ከአገር ቤት፣ ለለቅሶው የሚሆን የቅርብ ጊዜ ፎቶ ላኩልኝ አለች። ስልኩ ተቆልፏል፣ የመክፈቻ ቁጥሩን የሚያውቅ የለም። የቀብሮቹን ፎቶ ሁሉ ብናገላብጥ የለበትም፤ አንሺው እሱ ነበራ። የስደተኛ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጠቁሮ ፊቱ አይለይም። በሁላችንም ስልክ ላይ ያለው መልኩ የኔ ጀልባ ላይ ያለው ብቻ ሆነ።

"አንተ ሣልልን" ብለው የእድሩ ሰዎች ጻፉልኝ። "ያለ ዘውዱ።"

ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ ሣልኩ። ጆሮውን ላሳንስ ብል እሱን አልመስል አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አስተማሪዋ ስለ ንጉሡ ወታደር ያለችኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የኛው ሰው የነበረው አንድ ስልክና የተዋሰው አካፋ ነው። አፈርኩ። በአራተኛው ጆሮውን እንዳለ ተውኩትና ላክሁላት።

ሚስቱ በድምፅ መለሰችልኝ፤ ከኋላዋ ለቀስተኛው ይሰማል።

"ራሱ ነው" አለች። "ጆሮው ራሱ ነው። ግን ወንድሜ፣ ምን ሆኖ ነው ፊቱ እንዲህ የደከመው? እዚያ ያስቸገረው ሰው ነበር እንዴ?"

መልሱን እስከ ዛሬ አልላክሁላትም።