ለውሻው የተገዛ ሥጋ

ውሻ አልወድም። ይኼን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ሌባ ሲያይ ይጮኻል፣ ትራፊ ሲጥሉለት ይበላል፤ ከዚያ በላይ ከእኔ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ይኼን የምለው ሴትዮ ነኝ እንግዲህ፣ የአገሬ ድርቅ የጣልያንን ቴሌቪዥን በሞላበት ዓመት፣ ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል፣ ሮም ውስጥ የውሻ ቁንጅና ውድድር ላይ ቆሜ የውሻ ጥርስ ሲቆጠር ሳስተረጉም የዋልኩት።

በወጣትነቴ ስዊድን አገር አራት ዓመት ነርስነት ተምሬያለሁ። በኋላ ባለቤቴ ሮም ካሉት የምግብና የእርሻ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ሥራ ሲያገኝ ተከትዬው መጣሁ። ደርግ ሲመጣ «ለጊዜው እንቆይ» አልን፣ በዚያው ቀረን። ከምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት የአትክልት ቦታ ያላት አንዲት ሲኞራ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ከሰሜን አገር ያስመጣችው የአደን ውሻ ብቻ ያላት። ግራጫ ነው፤ ጆሮው የቆመ፣ ጭራው ጀርባው ላይ የተጠቀለለ። ዘሩ በበረዶ ጫካ ውስጥ ትልቅ አጋዘን ተከታትሎ፣ አዳኙ እስኪደርስ ድረስ ፊቱ ቆሞ እየጮኸ የሚያግት ነው አሉ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ሰፈራችን ሥጋ ቤት በር ላይ የሚጋደሙት ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ይኼኛው በሳምንት ሁለት ቀን በሻምፖ ይታጠባል፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

የውድድሩ ዳኛ ከስዊድን እንደሚመጣና ከቋንቋው በቀር እንደማይናገር ስትሰማ ሲኞራዋ በሬን አንኳኳች። «አንቺ ስዊድንኛ ታውቂያለሽ አይደል? ነይና አስተርጉሚልን» አለችኝ። እምቢ ልላት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ዝም ያልኩት ለጋሼ ስል ነው።

ጋሼ የምላቸው የእሷን ግቢ የሚጠብቁ፣ አትክልቷን የሚኮተኩቱ፣ ውሻዋን የሚመግቡ የአገሬ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ቀበሌው ስማቸውን ሲጠራ ከሚስታቸው ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ፤ ከዚያ ብቻቸውን ሮም ደረሱ። ፔርሜሷቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ አግኝተዋል፤ ሚስታቸው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቱም ላይ ናቸው። ሲኞራዋ «ቤት ሠራተኛ አድርጌ አስመጣታለሁ» ብላ የጥሪ ወረቀቱን ለመፈረም ቃል ገብታ ነበር። የጋሼ ኑሮ በሙሉ በዚያች ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል። እሷ ግን በተጠየቀች ቁጥር «አሎራ፣ እንግዲህ ከውድድሩ በኋላ» ነው መልሷ።

ውሻው በየቅዳሜው ሥጋ ይመጣለታል። ጋሼ ከትፈው በጥሬው ይሰጡታል። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው መጠቅለያውን ይዘው ወደ እኔ ወጡ።

«እትዬ፣ ይኼ ወረቀት ላይ የፈረስ ጭንቅላት የተሣለው ለምንድን ነው?»

«የፈረስ ሥጋ ስለሆነ ነዋ ጋሼ!» አልኳቸው እየሳቅሁ።

ያን ሳቄን ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ያዙት። «ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ እጄ! በዚሁ እጄ እያማተብኩ!» አሉ። ኩሽናዬ ገብተው በሎሚ ታጠቡ፣ በሳሙና ታጠቡ፣ እንደገና በሎሚ። «ለውሻ ነው እኮ፣ እርስዎ አልበሉት» ብላቸው ማን ይሰማኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥጋውን አልነኩትም። ጥቅሉን ሳይፈቱ በጋዜጣ ጠቅልለው ራቅ ካለ መንገድ ላይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይከቱታል። ውሻው በፋንታው ምስርና ፓስታ ይቀርብለታል። «እሱም ይጹማ! ምን ይሆናል? ወገቡ ገባ፣ እንዲያውም አማረበት» አሉኝ። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ፤ ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ነግሬው እሱም ሳቀ። ለሲኞራዋ እንድነግርላቸው ብጠይቅ «ተዉ እትዬ፣ ወረቀቱ ይፈረም፤ ያኔ እኔው እነግራታለሁ» አሉ። እኔም ተውኩት።

ውድድሩ ከከተማው ወጣ ያለ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ ያዝኩ። የእርጥብ ፀጉር፣ የሽንት፣ የሴቶች ሽቶና የተጠበሰ ቋሊማ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። አንዷ ውሻዋን አፉን ሳመችና ዞር ብላ እኔን ጉንጬን ልትስም ስትመጣ፣ ኧረ በሕግ! ብዬ ሸሸሁ። አንዱ የውሻውን ታፋ በማበጠሪያ እያበጠረ የፀጉር ስፕሬይ ይረጭበታል። ይኼ ሁሉ ጎልማሳ ሥራ የለውም? ደግሞ እኮ እነዚሁ ናቸው፣ ባለፈው ሳምንት የእኛን ልጆች በቴሌቪዥን እያዩ ከንፈር ሲመጥጡ የነበሩት። ቱ!

ዳኛው ረጅም፣ ፊቱ የቀላ፣ የሱፍ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ነው። ሥራውን ያውቃል፤ ይኼን አልክድም። የውሻውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገልብጦ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ጀርባውን ይዳብሳል፣ ከዚያ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከሆዱ ሥር እጁን ሰዶ ሁለቱም ፍሬዎች በቦታቸው መኖራቸውን ያረጋግጣል። ያገኘውን ሁሉ በስዊድንኛ ይነግረኛል፤ እኔ ጮክ ብዬ በጣልያንኛ እላለሁ፤ ጸሐፊዋ ትመዘግባለች። እስቲ አስቡት! የአራት ልጆች እናት፣ የተከበርኩ ባለትዳር፣ በሰው ፊት ቆሜ የውሻ ቆለጥ ሁለት ነው ብዬ ሳውጅ! ከዚያ በዚያው እጁ ከኪሱ ብስኩት አወጣና አንዱን ጎርሶ አንዱን ለእኔ ዘረጋ። «ጾም ላይ ነኝ» አልኩት። ሁዳዴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

በዚያ ዘር የቀረቡት አራት ውሾች ብቻ ነበሩ። የእኛው መጨረሻ ገባ። ሲኞራዋ ራሷ እየመራች አስሮጠችው። ጋሼ መወዳደሪያው ከታጠረበት ገመድ ውጭ፣ ባለቤቴ የሰጣቸውን ኮት ለብሰው፣ ፎጣና የውኃ ሳህን ይዘው ቆመዋል። ውሻው ሲያልፍ ሳያስቡት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይጸልዩ ነበር መሰለኝ። ለውሻ ይጸለያል? ለወረቀቱ ነው እንጂ።

ዳኛው ጎኑን ሲዳብስ እጁ ቆመ። እንደገና ዳበሰ። ፀጉሩን ወደ ኋላ ገልብጦ ከሥሩ ተመለከተ።

«ጆሮው ጥሩ፣ ጭራው ጥሩ» አለኝ። «አጥንቱ እንዲያውም ከሦስቱም ይበልጣል። ግን ይኼ ውሻ ሥጋ ከቀመሰ ሳምንታት አልፈውታል። የውስጥ ፀጉሩ ረግፏል፣ ወገቡ ላይ ጡንቻ የለውም። አጋዘን ፊት ቀኑን ሙሉ መቆም ያለበት ዘር፣ ይኼኛው ድመት ፊት አይቆምም። ማነው የሚመግበው?»

አስተረጎምኩ። ውሻው ከአራቱ አራተኛ ወጣ።

ሲኞራዋ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ገመዱን አልፋ ጋሼ ላይ ወረደችባቸው። በየቅዳሜው ምርጥ ሥጋ እንደምትገዛ፣ የሕንፃው ዘበኛ ሚስት ጥቅል ይዘው ሲወጡ እንዳየቻቸው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ሰው ተሰበሰበ። «የት ነው የወሰድከው? ጥለኸው ከሆነ አሁኑኑ ዕቃህን ሰብስብ! የአገርህ ሕፃናት በረሃብ እያለቁ ምግብ የሚጥል ሰው እኔ ቤት አያድርም። ሚስትህም እዚያው ትቅር፣ ምንም አልፈርምም!»

ጋሼ ጣልያንኛቸው የኩሽናና የአትክልት ብቻ ነው። ወደ እኔ ዞሩ። ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልደነገጡም።

«እውነቱን ይንገሩልኝ እትዬ» አሉ። «ለእኛ እርኩስ ነው፣ በእጄ ልነካው አልቻልኩም፣ ጣልኩት። ሳልነግራት በመቅረቴ ይቅር ትበለኝ።»

ከዚህ በላይ ንጹሕ ነገር ምን አለ? አፌን ከፈትኩ። ሲኞራዋን አየኋት፤ ዓይኗ ደም ለብሷል። የካርቱሟን ሚስት ፎቶግራፍ ጋሼ አሳይተውኝ ያውቃሉ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጡ ሴት ናቸው።

«ርቦት ነው» አልኩ በጣልያንኛ። «በልቶታል።»

ሳላስበው አመለጠኝ ብል ውሸት ነው። አስቤዋለሁ። የጣለ ሰው ይባረራል፣ የተራበ ሰው ይታዘንለታል። ያን ዓመት ደግሞ ማናችንም ብንሆን በእነሱ ዓይን የተራብን ነበርን። መሥሪያ ቤት ያለው የባለቤቴ ወንበርና የእኔ የስዊድን ዲፕሎማ ያንን አልቀየረውም። ያንኑ የምጸየፈውን ዓይናቸውን አንስቼ ተጠቀምኩበት።

ሲኞራዋ በአንድ ጊዜ ሟሟች። «ፖቬሪኖ! ምስኪን!» ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዳኛው ምን እንደተባለ ጠየቀኝና ስነግረው ቆቡን አወለቀ። ያቺ ውሻ ሳሚ ሴትዮ አለቀሰች። አንድ ሰውዬ የነከሰውን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ጋሼ እጅ ውስጥ ከተተላቸው። እነሱ ያዝናሉ፣ እኔ ውስጤ ይቆስላል።

ማንጃቶ፣ «በልቷል» ማለት ነው። ማንም ስደተኛ ቀድሞ የሚለምደው ቃል ነው፤ ጋሼም ያውቁታል። ዞር ብለው አዩኝ። ሲኞራዋ እጃቸውን ይዛ፣ ለሕፃን እንደሚባለው አፏን እያሳየች «አንተ? በላህ?» አለቻቸው። ጋሼ እኔን ማየታቸውን አላቆሙም። አይደለም ማለት ይችሉ ነበር፤ ኖ ማለት አያቅታቸውም።

«ሲ» አሉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አጠገቤ ያለውን ቦታ ትተው ኋላ፣ ከውሻው ጋር ተቀመጡ።

ሲኞራዋ ቃሏን ጠበቀች፤ በሳምንቱ ወረቀቱን ፈረመች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይኼን ባልጻፍኩት። ቅዳሜ ቀን ጠራችኝ። «ነይና ንገሪው፣ ከእንግዲህ መደበቅ የለበትም።» ወረድኩ። የኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ጋሼ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ጫፉ ገና ደም የሚያወጣ ጥብስ ቀርቧል። ከአንዱ ብልት ቆርጣ ግማሹን ለውሻው፣ ግማሹን ለእሳቸው። «የፈረስ ሥጋ ደም ያበዛል፤ ሐኪም ለደካማ ሰው የሚያዘው ነው» ትለኛለች፣ በራሷ ደግነት ፊቷ እያበራ። የዚያን ቀን ደግነቷን የተጸየፍኩትን ያህል ክፉ ሰውን ተጸይፌ አላውቅም።

«በሰሙነ ሕማማት!» አልኩ በአማርኛ፤ ለማን እንደምለው እንጃ።

«እትዬ» አሉ ጋሼ፣ ሳህኑን እያዩ። «ወረቀቱ ገብቷል?»

ጠየቅኋት። ተፈርሟል፤ ግን ገና ሰኞ ነው ቢሮ የምትወስደው። ነገርኳቸው።

ጋሼ እጃቸውን ለማማተብ ወደ ግንባራቸው አነሱና ከመንገድ መለሱት። ከዚያ በሉ። ሲኞራዋ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ቢላዋው ሳህኑን እስኪፍቅ ድረስ አየቻቸው። ጠረጴዛው ሥር ውሻው የራሱን እያላመጠ ነበር። «ይጣፍጣል ወይ በይው» አለችኝ።

«ይጣፍጣል በሏት» አሉ።

ያኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

በዚያ ፋሲካ፣ ለእኛ ቅዳሴ ከምትለቀቅልን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አየኋቸው። ሰው ሁሉ ሲገባ እሳቸው ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ ቆመው አስቀደሱ። ተጠግቼ እንኳን አደረሰዎ አልኳቸው። እንኳን አብሮ አደረሰን እትዬ አሉኝ፣ በጨዋ ደንብ። ከዚያ ወዲያ ግን እንዳስተረጉምላቸው ጠይቀውኝ አያውቁም። ከሲኞራዋ የድሮ ጋዜጣ እየለመኑ ጣልያንኛ ለመዱ።

ሚስታቸው በክረምቱ መጡ። በተከታዩ ፋሲካ እኔንና ባለቤቴን ጋበዙን። ሴትዮዋ ከፎቶግራፉ ይልቅ ሳቂታ ናቸው። ዶሮውን እያወጡ የጋሼ ሳህን ላይ ሲደርሱ አለፉት፤ ለእሳቸው የተሠራላቸው ሽሮ ነው።

«ሥጋ እርም ብሏል» አሉኝ ሚስታቸው። «እኔ እንድመጣለት ተስሎ ነው አለኝ። ለዕድሜ ልክ ይሳላል? ምን ዓይነት ሰው ነው በሉኝ!» ጋሼ እንጀራቸውን ይቆርሳሉ።

ከዚያ ሚስታቸው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ሥጋው ከጣታቸው ይተርፋል። ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። «ያኔ ለሲኞራዋ የተናገሩለት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እርስዎ ባይኖሩ እኔ እዚያው ቀርቼ ነበር። አፍዎ ይባረክ! በሉ ይጉረሱልኝ፣ በሞቴ!»

ጎረስኩ። ምን ላድርግ? ጋሼ ከእንጀራቸው ቀና አሉና፣ አላምጬ እስክጨርስ፣ እስክውጥ ድረስ አዩኝ።