የጋሽ ይስማው ሁለተኛ ዓይን

ጠዋት የጋሽ ይስማው ልጅ እናትነሽ ስትደውል ወሬ ልታወራኝ መስሎኝ እየሳቅሁ አነሣሁት። «አባዬ አረፈ» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስሁላት አላስታውስም። ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ አውርተናል፤ ለፋሲካ ወረታ እመጣለሁ ብያቸው ነበር። አሁንም «ውሸት ነው» የሚለኝ ሰው ይደውል እንደሆነ ስልኬን አያለሁ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ይስማው ወረታ ውስጥ ቪዲዮ ቤቶች በነበሩበት ጊዜ የፊልም ማስታወቂያ ይሥሉ ነበር። እሳቸው ሥዕሉን፣ እኔ ከሥሩ ጽሑፉን፣ ሁለት ዓመት በአንድ ሸራ ላይ ሠርተናል። ዛሬ ባሕር ዳር ተቀምጬ የፊልም ፖስተር እየሠራሁ የምበላው እንጀራ ከእሳቸው የተገኘ ነው።

እናትነሽ ለነገው ቀብር ባነር ሥራልን ብላ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ብሩሽ ይዘው ወደ ሸራው ዞረዋል፤ በጎን፣ ቀኝ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ ደግሞ ቀለም ማቅጠኛ ፈሶበት ጠፍቷል።

ይህን ፎቶ ባነር ላይ ማውጣት አልቻልሁም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጋሽ ይስማው ሥዕል የተማሩት ጣራ ገዳም አካባቢ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ እንደሚያውቀው ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። እሳቸው ይህን ሕግ እንዳለ ይዘው ቪዲዮ ቤት ገቡ። የሲዲው ሽፋን ላይ ዋናው ሰውዬ በጎን ሽጉጥ ደግኖ ቢመጣ እንኳ ፊቱን ወደ እኛ አዙረው ሁለተኛ ዓይን ይሰጡታል።

አንዴ መጨረሻው ላይ ጓደኛውን የሚከዳ ሰው ያለበት ፊልም መጣ። ታሪኩን ከቪዲዮ ቤቱ ጌታ ከሰይድ ጠየቁና ከሃዲውን በአንድ ዓይን ሣሉት። የገበያ ቀን ነው፤ ሩዝ ሸጠው የሚመለሱ የፎገራ ገበሬዎች ሸራው ፊት ቆሙ። አንዱ ረጋ ብሎ «ይኸስ ጓደኛውን ይከዳዋል፤ ታወቀ። ምን ልናይ ነው የምንገባው?» አለ። ግማሾቹ ሄዱ። ሰይድ ተናዶ ሁለተኛ ዓይን ካልተጨመረለት ሸራው ይውረድ አለ።

ከሃዲን በሁለት ዓይን መሣል ግን አልሆነላቸውም። ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉና ፊቱን ወደ እኛ አዞሩት፤ ከዚያ ባርኔጣ ደፉለት። ጥላው አንዱን ዓይን ሸፈነው። አለ አይባል፣ የለም አይባል። ሰይድም ሸራው ይሰቀል አለ።

ከዓመታት በኋላ እኔ ለአንድ የአማርኛ ፊልም ያንን ጥላ እንዳለ ወስጄ ሠራሁት። ሰው ወደደልኝ። ሬዲዮ ላይ ሐሳቡን ከየት አመጣኸው ስባል፣ ከውጭ ፊልሞች ነው አልሁ። ወረታ ማለት አፈርሁ።

እሳቸውም ሰምተዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ ሥራ ላይ ነበሩ። ይቅርታ ልጀምር ስል ከሸራው ዞር ሳይሉ፣ ሁሌ የሚሏትን አሉኝ፦ «እኔስ ከማን አመጣሁት? የሰው ድስት ተውሶ ማብሰል ነውር የለውም ልጄ። ስትመልስ ግን አጥበህ መልስ።»

ባለመዞራቸው ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሄድሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ነው የማወራቸው። የማንን ሐሳብ እንደወሰድሁ በሰው ፊት ስናገርም ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ግራ ዓይናቸውን ለመሣል ስታገል ዋልሁ። ለካ አላውቀውም። አብረን ስንሠራ በቀኛቸው ተቀምጬ የማየው እጃቸውን ነበር፤ በኋላ ደግሞ እፍረቱ ቀና አላስብል አለኝ። እርሳሴን አስቀምጬ አለቀስሁ።

መጨረሻ ላይ ለእናትነሽ በቪዲዮ ደወልሁና «እስኪ ቀጥ ብለሽ እዪኝ» አልኋት። እንባዋን ጠርጋ ቀጥ ብላ አየችኝ።

ጋሽዬ፣ ግራ ዓይንዎን ከልጅዎ ነው የወሰድሁት። ስታለቅስ ውላ ቀልቶ ነበር፤ ጥቂት አስረጅቼ ቅላቱን እንዳለ ተውሁት። ነገ በሐሙሲት በኩል ይዤዎት እመጣለሁ፤ ወረታም ፊት ለፊት ያይዎታል።

እኔም አሁን ቀና ብዬ እያየሁዎት ነው። ሲችሉ ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ።